ከንፈሯን ያነበበው ሰው

ዊላ ሃስኬት በሃያ አምስት ዓመቷ አምርራ የምትጠላቸው ሁለት ሰዎች ነበሯት። አንደኛው በስምንት ፊልሞች ስምንት ጊዜ ያገባችው ላይል ዴቨሮ ነው። ሁለተኛው ኦሪን ፔል ይባላል፤ ይህ ታሪክም የእሷና የእሱ ነው።

ከላይል እንጀምር፤ ነገሩ ሁሉ የተጠነሰሰው በእሱ ነውና።

በፈረንጆቹ 1926 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሚሠራ ፊልም ገና ድምፅ አልነበረውም። ተዋንያን አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ አሉት የተባለው ነገር ተጽፎ በስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ፒያኖ ይመታል፤ በቃ። ላይልና ዊላን አገሩ ሁሉ እንደ ጥንድ ርግብ ነበር የሚያያቸው። ሴቶች የሁለቱን ፎቶ ከመጽሔት ላይ ቆርጠው ግድግዳቸው ላይ ይለጥፉ ነበር።

ከስቱዲዮው አጥር ውስጥ ግን ሁለቱ ዓይንና ናጫ ነበሩ። ላይል የመሳሳም ትዕይንት ባለ ቁጥር ሆን ብሎ ጥሬ ሽንኩርት በልቶ ይመጣል። ይህስ ይታለፋል። ያልታለፈው የሩቢ ነገር ነው። ሩቢ የዊላን ጸጉር የምትሠራ፣ ሳቋ ከሦስት ክፍል ወዲያ የሚሰማ ልጅ ነበረች። ላይል አገባሻለሁ አላት፤ አስረገዛት፤ ሆዷ ሲገፋ ደግሞ አላውቃትም አለ። ስቱዲዮው አመነው፤ ወይም ያመነ መሰለ። ሩቢ በማግስቱ ዕቃዋን በወረቀት ከረጢት ይዛ ከበር ውጪ ቆመች። ዊላ ለጋዜጠኛ እንዳትናገር የሥራ ውሏ አፏን ለጉሞታል፤ ስለ ባልደረባ ክፉ ማውራት በግልጽ የተከለከለ ነበር።

ካሜራ ፊት መናገርን ግን ማንም አልከለከላትም። ካሜራ ጆሮ የለውም።

ስለዚህ ቫዮሊን ተጫዋቹ ከካሜራው ጎን ስሜት ለመቀስቀስ ሲያንጎራጉር፣ ዊላ በላይል ክንድ ላይ ደገፍ ብላ፣ ዓይኖቿን አስለምልማ፣ ጣቷን ጉንጩ ላይ እያንሸራተተች፣ «አንተ የበሰበስክ» ትለዋለች፤ «የሩቢ ልጅ ጥርስ አወጣ። አፍህ ደግሞ የሞተ አይጥ ይሸታል።»

በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ «ያላንተ ጎሕ አይቀድልኝም» ይላል። ሴቶች በየአዳራሹ መሐረባቸውን ያወጣሉ።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ። ከዚያ ደብዳቤው መጣ።

ደብዳቤው የወጣው በከተማው ጋዜጣ የአንባቢያን ገጽ ላይ ነው። «በዚህ ከተማ መስማት የተሳነን ሦስት መቶ ያህል ሰዎች እንኖራለን» ይላል። «ቅዳሜ ቅዳሜ ሲኒማ እንገባለን። ከንፈር ማንበብ እንችላለን። ሚስ ሃስኬት በአዲሱ ፊልም ማብቂያ ላይ ጽሑፉ የሚለውን አላለችም። ያለችውን እዚህ ልደግመው አልችልም፤ አጠገቤ የተቀመጡት መስማት የተሳናቸው ልጆች ግን አንብበውታል፤ እስከ ሰኞም ድረስ እርስ በርስ ሲባባሉት ሰነበቱ። ኦሪን ፔል፣ የዚሁ ጋዜጣ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ።»

በሳምንቱ የቤተ ክርስቲያን የሴቶች ማኅበር ሲኒማ ቤቶች በር ላይ ለተቃውሞ ተሰለፈ። የስቱዲዮው ባለቤት ሚስተር ሆልብሩክ ዊላን አስጠራት።

«በዚህ አገር ስንት ደንቆሮ አለ?» አላት ገና ከበር ስትገባ።

«እኔ የሕዝብ ቆጠራ ሠራተኛ ነኝ እንዴ?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ስትዪ ነበር?»

«የተሰማኝን።»

ሆልብሩክ ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። ቁጡ ሰው ነው፤ ሲቆጣ ግን ድምፁ ይቀንሳል። «ሰውዬውን ቀጥሬዋለሁ» አለ። «ደጅ ሆኖ ከሚጮህብኝ እቤቴ ሆኖ ይቁጠርልኝ። ከነገ ጀምሮ ካሜራው አጠገብ ይቀመጣል። ከአፍሽ አንዲት የማትረባ ቃል ብትወጣ እጁን ያነሳል፤ ትዕይንቱ ይደገማል። አንድ ስድብ አምልጦ ስክሪን ላይ ከወጣ ደግሞ አንቺ ቤትሽ ነሽ።»

ኦሪን ፔል በማግስቱ ጠዋት መጣ። ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ጥፍሮቹ ሥር የማተሚያ ቀለም የማይለቅ ሰው ነበር። የማጅራት ገትር በሽታ ጆሮውን የወሰደበት በዘጠኝ ዓመቱ ስለሆነ መናገሩን አልረሳም፤ ድምፁ ግን ከፍታና ዝቅታ የሌለው፣ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ የሚል ነበር። ወንበር ሰጡትና ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ።

ዊላ ጀርባዋን ሰጥታው ለተሰበሰቡት፣ «ሰላዩ ይሄ ነው? ከመቃብር አምልጦ የመጣ ነው የሚመስለው» አለች። ሁሉም ሳቁ።

ኦሪን ሳቃቸውን አየ። ተነሥቶ ዞሮ ፊቷ ቆመ።

«ፊቴ ላይ ይበሉት» አላት። «ከኋላዬ የሚሰድበኝን ሰው መስማት አልችልም፤ ድካሙ ከንቱ ይቀርበታል።»

«ከመቃብር ያመለጥክ ትመስላለህ ነው ያልኩት።»

«አመሰግናለሁ። ከንፈርዎ ለንባብ ይመቻል፤ ቃል አይውጥም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጦርነት ሆነ። ዊላ ማራገቢያ አፏ ላይ ትይዛለች፤ ኦሪን እጁን ያነሳል፤ ዳይሬክተሩ «ድገሙት» ይላል። አበባ ታሸታለች፤ እጁ ይነሳል። ፊቷን በላይል ደረት ውስጥ ትቀብራለች፤ እጁ ይነሳል። በፀሐይ ላይ አሥራ አራት ጊዜ ያስደገማቸው ቀን ነበር፤ የፈረሶቹ ጠባቂ ሳይቀር ረግሞታል። አንድ ቀን ደግሞ ዊላ ከአያቷ በለመደችው የዌልስ ቋንቋ ላይልን እየሳቀች ዘረጠጠችው።

እጁ ተነሳ።

«ምን አልኩ?» አለችው እየተንደረደረች መጥታ። «በል ንገራቸው፣ ምን አልኩ?»

«ቋንቋውን አላውቀውም» አለ ኦሪን። «ፍቅር እንዳልሆነ ግን ያስታውቃል።»

ሌሎቹም አልራሩለትም። መብራት የሚሸከሙት ሠራተኞች ከጀርባው ያጨበጭባሉ፣ ከኋላው ሆነው በእንስሳ ስም ይጠሩታል፤ ሲዞር ሁሉም ጨዋ ነው። ጨዋታው ያበቃው ላይል የትወናውን ሽጉጥ ይዞ በመጣ ቀን ነው። ጥይቱ ባሩድ ብቻ ነበር። ከኦሪን ማጅራት ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆሞ ተኮሰ። ቫዮሊን ተጫዋቹ ደንግጦ ቀስቱን ጣለ። ኦሪን ንቅንቅ አላለም፤ ደብተሩ ላይ መጻፉን ቀጠለ። ከአፍታ በኋላ ማጅራቱ ሲለበልበውና የባሩዱ ሽታ ሲደርሰው እጁን ወደ ማጅራቱ ላከ፤ ቆዳው ተቃጥሎ ጸጉሩ ተለብልቧል። ዞረ። ሃያ ሰው አፉን ከፍቶ ይስቃል።

ዊላ አልሳቀችም። እሱም ከዚያ ሁሉ ፊት መካከል የማይስቀውን አንዱን ለይቶ አየው። ከዚያ ወደ ደብተሩ ተመለሰ።

በምሳ ሰዓት ከተዋንያኑ ጠረጴዛ ተነሥታ ሄደች። እሱ ከአጥሩ ጥግ፣ ብርቱካን ዛፍ ሥር፣ የተቀቀለ እንቁላል እየላጠ ነበር። ለቃጠሎ የሚሆን ቅባት አጠገቡ አስቀመጠች።

«ስላዘንኩልህ አይደለም» አለችው።

«አላዘኑልኝም። ቢያዝኑልኝ ኖሮ ቀስ ብለው ነበር የሚናገሩት፤ ያዘነልኝ ሰው ሁሉ አፉን እንደ ዓሣ ያላቅቃል።»

ልትስቅ ነበር፤ ሳቋን ያዘች። «ለምንድን ነው እዚህ የተቀመጥከው? የሚያፌዙብህን ታያለህ። ጋዜጣው ቤት ደህና ሥራ ነበረህ።»

ኦሪን እንቁላሉን አስቀመጠ።

«ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ስብከቱ አይደርሰንም» አለ። «ቴአትር ቤት አይደርሰንም። አሁን ደግሞ ሬዲዮ መጣ፤ እቤት ውስጥ እንኳ ሰዉ ሁሉ ፊቱን ወደ ሣጥኑ አዙሮ ጀርባውን ሰጠን። ሲኒማ ብቻ ነው የቀረን። እዚያ ማንም አይሰማም፤ ሁሉም ሰው እንደኛ ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት ከሰው እኩል እንቀመጣለን። እርስዎ ደግሞ እዚያ ገብተው ተፉበት።»



«መሳደቤን አንብበሃል» አለችው ዊላ። «ለምን እንደተሳደብኩ ግን አላነበብክም።»

«አንብቤአለሁ። በአራተኛው ፊልም ላይ ‹ሩቢን የት ጣልካት› አሉት። በአምስተኛው ‹ወንድ ልጅ ወለደች፣ ዓይኑ የአንተ ነው› አሉት። ሩቢ ማን እንደሆነች አላውቅም። ግን ደህና ወልዳ ይሆን ብዬ ስጨነቅ ከርሜአለሁ።»

ዊላ የብርቱካኑን ዛፍ ያዘች።

«በስድስተኛው ደግሞ» አለ ኦሪን፣ አሁን ዓይን ዓይኗን እያየ፤ «ድልድዩ ላይ ብቻዎን የሚቆሙበት አለ። ጽሑፉ ‹ይመለሳል› ይላል። እርስዎ ያሉት ግን ‹ደክሞኛል፤ የሚሰማኝ ሰው የለም› ነው። ስድስት ጊዜ ከፍዬ ገብቼ አየሁት።»

«ለምን ስድስት ጊዜ?»

«ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ነው። አልተሳሳትኩም።»

እንባዋን እንዳያይ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ግን ለዚህ ሰው ፊት ማዞር ማለት በር መዝጋት ማለት እንደሆነ ትዝ አላትና፣ እንባዋን እንደያዘች ተመልሳ ዞረችለት። ኦሪን የላጠውን እንቁላል ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጣት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባርኔጣዋን እስከ ቅንድቧ ደፍታ ከእሱ ጋር ሲኒማ ገባች። የፊተኞቹ ስድስት ረድፎች በእጃቸው በሚያወሩ ሰዎች ተሞልተው ነበር። ቀልዱ ላይ ከሁሉም ቀድመው ይስቃሉ፤ ጽሑፉ እስኪመጣ አይጠብቁም። ከኦሪን በስተቀኝ ከተወለደች ጀምሮ የማትሰማው ታላቅ እህቱ ኮራ ተቀምጣለች፤ ወፍራም፣ ግንባሯ የማይፈታ ሴት። ዊላን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና በእጇ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?»

«እንኳን ደህና መጣሽ አለች።»

«ፊቷ እንደዚያ አይልም።»

ኦሪን አመነታ። «‹ሰሚዎች እኛን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ሲሰለቻቸው ይሄዳሉ› አለች።»

«እኔ እንደማልሄድ ንገራት።»

«አንቺ ራስሽ ንገሪያት» አላት። አንቺ ሲላት የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ሁለቱም አስተዋሉት።

ቀረጻው ወራት ወሰደ። በእነዚያ ወራት ኦሪን እጁን የሚያነሳበት ምክንያት አጣ፤ ዊላ ካሜራው ፊት የምትናገረው ሁሉ ጨዋ ሆነ። ላይል ጅል አልነበረም። ዓይኖቿ ከእሱ ትከሻ በላይ ወደ ማን እንደሚሄዱ አየ። ሩቢ ደግሞ በዚያው ሰሞን ጠበቃ አግኝታ የልጁን አባት ፍርድ ቤት ከስሳው ነበር።

የመጨረሻው ትዕይንት ቀን ላይል ዊላን አቀፋት። ፈገግ አለ፤ ለስላሳ ፈገግታው ነበር፣ ሴቶች መሐረብ የሚያወጡለት።

«ደንቆሮሽ ዛሬ ዛሬ የሚያነበው አጥቷል አይደል?» አላት ጸጉሯን እየዳበሰ። «ይህን ያንብብ። ልጁ የኔ ነው። ዳኛው ፊት ግን አይደለም ብዬ እምላለሁ። ሩቢን ማን ያምናታል? አንቺም አትናገሪም። ሥራ አጥተሽ ደጅ መቅረትን ከማንም በላይ የምትፈሪ አንቺ ነሽ።»

ካሜራው ይዞራል። ቫዮሊኑ ያለቅሳል። የኦሪን እጅ ተነሳ።

ደብተሩ ላይ ቃል በቃል ጻፈው፤ ፈረመበት፤ እንደ ወትሮው ለሆልብሩክ አስገባ።

ሆልብሩክ በማግስቱ ዊላን ሲያስጠራት ወረቀቱ ተቀዳዶ የሲጋራ መተርኮሻው ውስጥ ነበር። የተቀረጸው ፊልምም ተቃጥሏል። የቢሮው አንድ ወገን ሙሉ መስታወት ሲሆን ግቢውን ያሳያል። ኦሪንን ግቢው ውስጥ ቆይ ብለውታል፤ ተራው ከእሷ ቀጥሎ ነበር።

«ፊልም ሊናገር ነው» አላት ሆልብሩክ። «ማሽኖቹ ታዘዋል። ግማሹ ተዋናይ ጎዳና ይወጣል። አንቺን ግን ባለፈው በድብቅ ቀድተን ሰምተንሻል፤ ድምፅሽ እንደ ማር ነው። የአምስት ዓመት ውል ይኸውልሽ። እናትሽ ቤከርስፊልድ የሰው ልብስ ማጠቡን ትተዋለች። አንድ ነገር ብቻ ልወቅ። ይህ ሰውዬ ምንሽ ነው?»

ዊላ ብዕሩን አየች። የእናቷን እጆች፣ በሶዳ የተላጡትን፣ አሰበች። ለሚናከስ ውሻ አጥንት እንደሚወረወር ችኩል ብላ መልሷን ወረወረችለት።

«ምኔም አይደለም። አዝኜለት ነው። ደንቆሮ ነው።»

ፈረመች። ቀና ስትል ኦሪን ከመስታወቱ ማዶ፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ያያታል። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ነበረች። እያንዳንዱ ቃል እንደ ጋዜጣ አርዕስት የሚነበብ ነበር።

ኦሪን ባርኔጣውን ደፋ። ተራውን አልጠበቀም። በዋናው በር ወጥቶ ሄደ።

በዚያው ቀን ቤቱ ድረስ ሄደች። በሩን የከፈተችው ኮራ ናት። ኮራ ዊላን አየቻት፣ በእጇ ሁለት አጫጭር ቃላት ተናገረች፤ ማስተርጎም አላስፈለጋቸውም። ከኋላዋ ኦሪን መጣና በረንዳው ላይ ቆመ።

«ኦሪን፣ ስማኝ፣ እኔ…»

ዓይኖቹን ጨፈነ።

ጆሮ ያለው ሰው ጆሮውን ቢደፍን እንኳ ጥቂት ይሰማል። ዓይኑን ለጨፈነ ደንቆሮ ግን ዓለም ሁሉ ይጠፋል። ዊላ ለተከደኑ ሽፋሽፍቶች ተናገረች፣ ለመነች፣ ተቆጣች። እጅጌውን ስትነካው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ዓይኖቹን ግን አልከፈተም። መንገደኛ ቆሞ እስኪያያት ድረስ አወራች። ሁለት ጊዜ ተመለሰች፤ ሁለቱንም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ጋዜጣው ቤት ወደ ቀድሞ ሥራው መመለሱን ሰማች።

የሩቢ ክስ የተሰማው በጥር ነው። ዊላ ወደ ፍርድ ቤቱ የሄደችው ለኦሪን ብላ አይደለም፤ እሱ እዚያ አልነበረም፤ እንደሚያውቀውም ተስፋ አላደረገችም። የሄደችው ከዚያች የመስታወት ቢሮ ወዲህ እንቅልፍ ስላጣች ነው። ሩቢ ልጇን ታቅፋ ምስክር ወንበር ላይ ስትንቀጠቀጥ፣ የላይል ጠበቃ የስንት ወንድ ስም እየጠራ ሲያዋርዳት አየች። ያቺ ሳቋ ሦስት ክፍል የሚያቋርጥ ልጅ ድምፅ አጥታ ነበር።

ዊላ ቆመች። ወደ ሩቢ ጠበቃ ጆሮ ጎንበስ ብላ ጥቂት ቃላት አለችው፤ ወዲያው ለምስክርነት ተጠራች።

«ላይል ዴቨሮ ልጁ የእኔ ነው ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ» አለች።

የላይል ጠበቃ ሳቀ። «የት ነው የሰሙት ሚስ ሃስኬት? ካሜራ ፊት አይደለም? ትወና ላይ?»

«ካሜራ ፊት ነው።»

«ታዲያ ከትወናው ምኑን እንመን?»

«ሌላው ሁሉ ውሸት ነው» አለች ዊላ። «አራት ዓመት አብሬው ሠራሁ፤ ስምንት ጊዜ እወድሻለሁ ብሎኛል። እውነት ሲናገር የሰማሁት ያቺን አንድ ቀን ነው። የተቀረጸውን ያቃጠሉትም ለዚህ ነው።»

ላይል ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ አዩት። በሳምንቱ ፍርዱ ለሩቢ ሆነ።

የዊላ ውል የተሰረዘው ግን ሳምንት ሳይጠብቅ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ሌሎቹ ስቱዲዮዎችም በራቸውን ዘጉባት። ለምን ብሎ ለጠየቀ ጋዜጠኛ ሁሉ የሆልብሩክ ሰዎች «ድምፅዋ አልሆነም፤ ሞከርናት፣ እንደ ቁራ ነው» ብለው ነገሩት። ዛሬ ድረስ ስሟን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች፣ አይ ያቺ ቆንጆ፣ ፊልም ሲናገር ድምፅዋ ገደላት ይላሉ። ዊላ አንድም ቀን አላስተባበለችም። እናቷ ቤከርስፊልድ ማጠቧን ቀጠለች፤ ዊላም እየሄደች አብራት አጠበች። ሶዳው ጣቶቿን ሲያቃጥላት፣ ስትፈራው የኖረችው ለካ ይህን ብቻ ነበር። ልብስ ማጠብ። ሰው ሊሠራው የሚችለው ነገር ነው።

በየካቲት አንድ ዝናባም ከሰዓት አንድ ነገር ገባት። ኦሪን የሚሠራበት የፊደል ማሽን ጎኑ ላይ ፊደሉ የሚሠራበት የቀለጠ እርሳስ ብረት የሚፈላበት ድስት አለው። እዚያ ማሽን ላይ ተቀምጦ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ጣቱን ያጣል።

ኮቷን ደርባ ወጣች።

የማተሚያ ቤቱ አለቃ በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ከለከላት፤ በክንዱ ሥር ሾልካ ገባች። ውስጡ ሌላ ዓለም ነበር። ከወለሉ በታች ትልልቆቹ ማተሚያዎች ያጓራሉ፣ ሠላሳ የፊደል ማሽኖች በአንድነት ይንኳኳሉ። ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ሰዎቹ በእጅ ምልክት ነው የሚግባቡት፤ ጆሮ ያለውም የሌለውም።

ኦሪን አያት። እጆቹ ፊደሎቹ ላይ ነበሩ። ዓይኖቹን ሊጨፍን ፈለገ፤ አልቻለም።

ዊላ ፊቱ ቆመች።

«ፈርቼ ነው» አለች። ድምፅዋን ራሷ አልሰማችውም። «ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አላስገደደኝም፤ አላመካኝም። ግን አንድ ነገር ውሸት ነው። አዝኜልህ አላውቅም። ጠልቼሃለሁ። ላንቅህ የፈለግኩባቸው ቀናት አሉ። አሥራ አራት ጊዜ በፀሐይ ያስደገምከኝን ቀን እስክሞት አልረሳልህም። አዝኜልህ ግን አላውቅም፤ አንዲት ቀን እንኳ። ሩቢ ረትታለች። እሱን ልነግርህ አልመጣሁም፤ ጋዜጣው ላይ አይተኸዋል። የመጣሁት ዓይንህን መጨፈን ስለማትችል ነው።»

ኦሪን አፉን ከፈተ። ተናገረ፤ ረዘም ያለ ነገር ነበር፤ ፊቱ ቀልቷል፣ አንገቱ ላይ ሥሩ ተገትሯል። ዊላ ከጩኸቱ ውስጥ አንድም ቃል ማውጣት አልቻለችም። ከንፈሮቹን አፍጥጣ አየች። ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ምንም አይሉም። ሰው በቁጣ እየነገራት እሷ ምን እንደተባለች ሳታውቅ መቆም ምን እንደሚመስል ያኔ አወቀችው። እሱ ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር የቆመው።

«አልሰማህም» አለች። «ኦሪን፣ አልሰማሁህም።»

ለጥቂት ጊዜ አያት። ከዚያ ወደ ማሽኑ ዞሮ ጣቶቹን በፍጥነት አስኬደ። ማሽኑ አንድ ቀጭን የእርሳስ ዘንግ ተፋ። ኦሪን በጨርቅ አንስቶ ዘረጋላት። ገና ትኩስ ነበር። ጽሑፉ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ ስለተቀረጸ ዊላ ከኋላ ወደ ፊት አንድ አንድ ፊደል እየለቀመች አነበበችው።

ገና አልበረደልኝም። ስወጣ በሩ ላይ ጠብቂኝ።

ጠበቀችው። ዝናቡ አላቆመም። የሥራ ሰዓት ሲያበቃ የሠራተኞች በር ተከፍቶ ሰው ጎረፈ፤ እሱ በመጨረሻ ወጣ። ወደ ትራሙ ፌርማታ አብረው ሄዱ፤ መንገዱን ሁሉ ተጨቃጨቁ። እሷ ስትናገር እሱ ከንፈሯን ለማየት ቀድሟት ወደ ኋላ እየተራመደ፣ ሰው እየገጨ ነበር። አንድ ትራም መጥቶ ሄደ።

«ደንቆሮ ማለትሽ አይደለም ያናደደኝ» አላት። «ደንቆሮ ነኝ። ቀድሞ ያልሽው ነው።»

«ምኔም አይደለም ያልኩት?»

«እሱ።»

ሁለተኛው ትራም መጣ፤ ጠበቀ፤ ሄደ።

«እና ምንሽ ነኝ?» አላት። መምሸት ጀምሮ ነበር፤ ፊቷ አልታየውም። ክንዷን ይዞ ወደ መንገዱ መብራት አስጠጋት። «እዚህ ቁሚና ንገሪኝ።»

የዊላ ባርኔጣ ክፈፍ ውኃ ያንጠባጥባል። አወለቀችው። ከፌርማታው ሥር የተጠለሉ ሁለት ሴቶች ያያሉ፤ ምናልባትም አውቀዋታል። ግድ አልሰጣትም።

«ባሌ ነህ» አለችው። «ገና ሳንጋባም፣ ተቆጥተህም ባሌ ነህ። ኮራ ብትጠላኝም፣ አንተ ራስህ እንቢ ብትለኝም ነህ።»

ኦሪን ቀጥ ብሎ ቆመ። የመንገዱ መብራት የረጠበ ፊቱ ላይ ያበራል።

«ድገሚው» አላት።

«አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ። ድገሚው።»

ደገመችው። ሦስተኛው ትራም ሲመጣ ለአምስተኛ ጊዜ እየነገረችው ነበር፤ ነጂው ደወሉን ቢያስጮህም ሁለቱም አልሰሙትም።